የዓርቡ ሳንድዊች

ወንድሜ የሞተው በዐቢይ ጾም፣ በመጻጉዕ ሳምንት፣ ማክሰኞ ቀን ነው። ጠዋት ሥራ ገባ፣ ረፋዱ ላይ ልቡ ቆመ። እማዬ ደውላ የነገረችኝ ግን ‹‹ጋሼን ትንሽ አመመው፣ ና›› ብላ ነው። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ስለዚህ በአውቶቡሱ መንገድ ሁሉ እኔ የታመመ ወንድም ነበረኝ። ምን ልውሰድለት እያልኩ ወርጄ ብርቱካን ገዛሁ። ቤት ስደርስ በሩ ክፍት ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ ብዙ ጫማ ተደርድሯል። ብርቱካኑን የት እንደማስቀምጠው አላወቅኩም። እስኪመሽ ድረስ በእጄ ይዤው ነበር አሉኝ። እኔ አላስታውስም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙ ነገር ግራ ይገባኛል። ሰዎች ስለ ጋሼ ሲያወሩ እሰማለሁ። ደግ ነበር፣ ትሑት ነበር፣ ለእናቱ ጧሪ፣ ለወንድሙ አባት ነበር ይላሉ። እውነት ነው። እኔ የማውቀው ጋሼ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ጥሩ ቺዝስቴክ ፍለጋ ሳንድዊች ቤት ለሳንድዊች ቤት የሚዞር ሰው ነው። ይህን ለለቀስተኛ እንዴት አድርጌ ላውራ? አንዲት አክስታችን ‹‹የተመኘውን ሳያገኝ ሄደ›› ብላ ስታለቅስ ስለ ትዳርና ስለ ልጅ ነበር የምትለው። እኔ ግን ሌላ ነገር አስቤ ደነገጥኩ። ምክንያቱም ጋሼ የተመኘውን አግኝቶ ነበር። እንዳላገኘ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ለማያውቀው ሰው፣ ቺዝስቴክ ስስ ተደርጎ የተከተፈ የበሬ ሥጋ ነው። በጋለ ብረት ላይ ከሽንኩርት ጋር ይጠበሳል፣ ቺዝ ይቀልጥበታል፣ ከዚያ ረጅም ዳቦ ውስጥ ይገባል። የአሜሪካኖች ምግብ ነው ይባላል። ጋሼ አሜሪካ ሄዶ አያውቅም። ከአዲስ አበባ ለንደን፣ ከለንደን የትም።

ስሙ ሚኪያስ ነው። በስሙ ግን ጠርቼው አላውቅም። በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጠኛል፤ እማዬ ገና አፍ ስፈታ ‹‹ጋሼ በል›› አለችኝ፣ በዚያው ቀረ። ወደዚህ አገር ሲመጣ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እኔና እማዬ ተከትለነው ስንመጣ አሥራ አራት ሞልቶኛል። ሂትሮው ኤርፖርት የተቀበለኝን ሰው የማውቀው በፎቶና በስልክ ድምፅ ነው። አቀፈኝና ‹‹ናቲ፣ አድገሃል›› አለኝ። ‹‹አዎ›› አልኩት። ከዚያ ለብዙ ወር ከዚህ የረዘመ ነገር አላወራንም። እሱ ሥራ፣ እኔ ትምህርት ቤት። ማታ ሲመጣ እግሩን ዘርግቶ ሶፋ ላይ ይተኛል። እኔ ቴሌቪዥኑን እቀንስለታለሁ። ወንድማማችነታችን ይህ ነበር።

የሚሠራው ፓርክ ሮያል ውስጥ ሳንድዊች በሚያመርት ፋብሪካ ነው። በየሱቁ ፍሪጅ ውስጥ የሚደረደረውን፣ በሦስት ማዕዘን የተቆረጠውን። ጋሼ ቲማቲም ላይ ነበር። ዳቦው በማሽኑ ላይ እየተንሸራተተ ይመጣል፣ እሱ ሁለት ቁራጭ ቲማቲም ያስቀምጣል፣ ዳቦው ያልፋል። አንድ ቀን በጠርሙስ ክዳን አሳየኝ።

‹‹አንዱን በአንዱ ጫፍ ላይ ትንሽ ትደርበዋለህ። ጎን ለጎን ካደረግከው ቢላዋው ሲያርፍበት ይንሸራተታል። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ራሴ ነኝ የደረስኩበት።››

በዚህ በጣም ይኮራ ነበር። የአሳማ ሥጋ ያለበት ሳንድዊች ተራ ደርሶ ሲያልቅ ጓንቱን አውጥቶ ይጥልና ሌላ ያደርጋል። እሱ የሚነካው ቲማቲም ብቻ ነው፤ ሥጋውን የምታስቀምጠው ሌላ ሴት ናት። ‹‹ታዲያ ጓንቱን ለምን ትቀይራለህ?›› ሲሉት ‹‹ቲማቲሙ ምን አጠፋ?›› ይላቸዋል። ምን ማለቱ እንደሆነ እኔም አልገባኝም።

ፍለጋው የተጀመረው እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው። እኔ የገባሁበት እማዬ ‹‹ልጁን ይዘኸው ውጣ፣ ግድግዳ ሲያይ ሊውል ነው›› ስላለችው ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ባለ ፎቁ አውቶቡስ ላይኛው ፎቅ ወጥተን ፊት ለፊት፣ ትልቁ መስኮት ጋ ተቀመጥን። ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚቀመጠው። ‹‹የት ነው የምንሄደው?›› ስለው ነገረኝ። ከዚያ ቀን በፊት ያን ያህል ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

‹‹የመጣሁ ዓመት ነው። ብርድ ነው። ኤጀንሲ አንድ መጋዘን ለጽዳት ላከኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ የሚባል አልቀመስኩም፤ ለሰው መንገር አፈርኩ። በዕረፍት ሰዓት ሁሉም ምሳውን ሲያወጣ እኔ ስልኬን አያለሁ። አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጦ ወረቀት ፈታ። ረጅም ሳንድዊች ነው። ቀና ብሎ አየኝ፤ ለሁለት ቆረሰው፤ ግማሹን እጄ ላይ አስቀመጠው። ‹ብላ› እንኳ አላለኝም።››

‹‹ከዚያስ?››

‹‹በላሁ። ‹ጥሩ ነው?› አለኝ። መልስ አጣሁ። እንግሊዝኛ ጠፍቶኝ አይደለም ናቲ። ‹ጉድ› ማለት ማን ያቅተዋል? ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። እንዲሁ ዝም ብለን ጨረስነው።››

ወደ ቤት ሲመለስ አውቶቡስ ላይ ቀኑ ትዝ አለው። ዓርብ ነው። ዓርብ ብቻም አይደለም፣ የነቢያት ጾም ገብቷል። ሥጋውን ከነቺዙ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሽማግሌውን ቢፈልገው ኤጀንሲው ወደ ሌላ ቦታ ልኮታል። ስሙን አልጠየቀውም። ጋሼ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ምግቡ ቺዝስቴክ እንደሚባልና ሽማግሌው የገዛው ‹‹እኔ ሰፈር ካለች ሳንድዊች ቤት›› መሆኑን። ሰፈሩ የት እንደሆነ አላወቀም። ስለዚህ ለንደን በሙሉ የሽማግሌው ሰፈር ሆነ።

ለንስሐ አባታችን ሄዶ ተናዘዘ። አባ አዳምጠው ቀኖናውን ሰጡት። መስቀል ተሳልሞ ሊወጣ ሲል አላስችል አለውና ‹‹አባ፣ ግን እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር በልቼ አላውቅም›› አላቸው።

አባም ‹‹ልጄ፣ የጣፈጠህ ዓርብ ስለሆነ ነው›› አሉት።

ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ ይስቃል። ‹‹ታዲያ እውነታቸውን ነው?›› አልኩት። ‹‹አባ ትልቅ ሰው ናቸው›› አለ ጋሼ። ‹‹ግን ቺዝስቴክ በልተው አያውቁም።››

ሕግ ነበረው። ጾም ሲገባ ፍለጋው ይቆማል። ሳንድዊቹ አንድ ይታዘዛል፣ ለሁለት ይቆረሳል። የመጀመሪያውን ጉርሻ የምበላው እኔ ነኝ፤ ያውም ከእሱ እጅ። አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ሰው ፊት፣ በሳንድዊች ቤት መሐል፣ እንደ ሕፃን መጉረስ አፍራለሁ። አንድ ጊዜ የክፍሌ ልጆች ከጎናችን ተቀምጠው ነበር።

‹‹ጋሼ፣ ሰው ያያል።››

‹‹ይይ። አጎረስኩ እንጂ አልሰረቅኩ። አፍህን ክፈት።››

ከጎረስኩ በኋላ ሁለት ጣቱን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ እያደረገ ፊቴን ያያል። ‹‹እ?›› ይላል።

መጀመሪያ ላይ አልገባኝም። ያን ጣዕም እኔ ቀምሼው አላውቅም፤ እንዴት እፈርዳለሁ? ጠየቅኩት።

‹‹እኔ ትዝታዬ ያታልለኛል›› አለኝ። ‹‹አንተ የምታስታውሰው የለም፣ ምላስህ ንጹሕ ነው።››

‹‹እና በምን አውቀዋለሁ?››

‹‹ዝም ትላለህ። ከተናገርክ አይደለም።››

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እጎርሳለሁ፣ እናገራለሁ። ‹‹ዳቦው ደረቅ ነው›› እላለሁ። ‹‹ጥሩ ነው›› ካልኩም ተናግሬያለሁ፣ አይደለም ማለት ነው። እሱ የራሱን ግማሽ በልቶ ወረቀቱን ይጥልና ባለቤቱን ‹‹ቬሪ ናይስ፣ ቺፍ›› ይለዋል። ምንም መጥፎ ቢሆን ይለዋል። ‹‹ሠርቶ ያበላህን ሰው ፊቱ ላይ አታማ፣ ጀርባውም ላይ አታማ›› ይለኛል። ‹‹አውቶቡስ ላይ ግን ይቻላል።›› እና አውቶቡስ ላይ ወጥተን ፊት ለፊት እንቀመጥና ይጀምራል። ‹‹ያ ቺዝ ከሥጋው ጋር አልተዋወቀም፣ እንደ ቆመ ቀረ።›› ‹‹ዛሬ የበላነው ሰላጣ ነው፤ ሥጋው በእንግድነት መጥቶ ነው።›› እስቃለሁ። እሱ አይስቅም፣ ዳኛ ነው።

እማዬ አትወደውም ነበር። ‹‹ሳምንቱን ሙሉ ሳንድዊች ስትሠራ ትውላለህ፣ ቅዳሜ ደግሞ ሳንድዊች ፍለጋ። ዓሣ ሆነህ ውሃ ይጠማሃል እንዴ?›› ትለዋለች።

‹‹እማዬ፣ እሱ ሳንድዊች አይደለም። እሱ ሥራ ነው።››

አሁን ወደ ስትሪትሃሙ ቀን ልምጣ። ይህን መጻፍ የጀመርኩት በዚያ ቀን ምክንያት ነው።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከእኛ ሰፈር ስትሪትሃም ሩቅ ነው፣ አውቶቡስ ሁለት ጊዜ ቀይረናል። መንገድ ላይ ጋሼ እንዲህ አለኝ። ‹‹ይህን ነገር ካገኘነው ቅዳሜን ለኦቨርታይም እሰጠዋለሁ። ሱፐርቫይዘሯ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፣ ገና ነኝ አልኳት።›› እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረው። እኔ መስኮቱን እያየሁ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ አላየሁትም።

ቤቲቱ ጠባብ ናት። በስልክ ጠጋኝና በፀጉር ቤት መሐል ናት፣ አራት ጠረጴዛ አላት። ባለቤቱ ከቆጵሮስ የመጣ ሽማግሌ ነው። ጋሼ በሩ ላይ ቆመ። ‹‹ስማ›› አለኝ። ሰውየው በሁለት የብረት መገልበጫ ሥጋውን ብረቱ ላይ እየከተፈ ነው፤ ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ ቀጭ፣ ደግሞ ያገላብጣል። ጋሼ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ‹‹እጁ አይቸኩልም›› አለ።

ሳንድዊቹ መጣ። ቆረሰው። አጎረሰኝ።

ዝም አልኩ።

ለምን እንደሆነ አላውቅም። ቺዙ አይታይም ነበር፣ ሥጋው ውስጥ ጠፍቷል። ሽንኩርቱ ለስልሷል። ዳቦው ሞቋል። ግን ይህን ሁሉ ያሰብኩት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ምንም አላሰብኩም። ጋሼ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ ማድረጉን አቆመ። ‹‹እ?›› አላለም። ፊቴን ብቻ ያያል። እኔም ፊቱን አየሁ፣ እና ኦቨርታይም ያለው ትዝ አለኝ። ቅዳሜ የለም ማለት ነው። አውቶቡሱ ፎቅ ላይ ፊት ለፊት የለም። ማታ ሶፋው ላይ የሚተኛው ሰው ብቻ ሊቀርልኝ ነው።

‹‹ጨው በዝቶበታል›› አልኩ።

‹‹እ?››

‹‹ጨው። በዝቷል።››

ጋሼ ሳንድዊቹን አየው። የራሱን ግማሽ ቀስ ብሎ በላ። ‹‹አንተ ካልክ እሺ›› አለ። ሰውየውን ‹‹ቬሪ ናይስ፣ ቺፍ›› አለው። ወረቀቱን ግን አልጣለውም፤ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። አውቶቡስ ላይ ምንም አልፈረደም። ደክሞት ይሆናል አልኩ በልቤ።

ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ዞርን። ቅዳሜ አልቀረብንም። ጥሩ ነበር፣ መጥፎም ነበር። በጎረስኩ ቁጥር የስትሪትሃሙ ትዝ ይለኝና እናገራለሁ፤ እየተናገርኩ አፍራለሁ። ጋሼ ያን ጣዕም አሥራ ምናምን ዓመት ፈልጎታል። እጄ ላይ ነበር። አንድ ቀን እነግረዋለሁ እል ነበር። ሁልጊዜ የሚቀጥለው ቅዳሜ አለ።

በዘንድሮው ቅበላ፣ ጾሙ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጋሼ እቃ እያጠበ እንዲህ አለኝ።

‹‹ፋሲካ ሲያልፍ አንድ ዓርብ ፈቃድ እወስዳለሁ። በበዓለ ሃምሳ ዓርብም ይበላል፣ ኃጢአት የለበትም። አባ ያሉት እውነት ይሁን አይሁን ያን ቀን እናያለን።››

‹‹የት ነው የምንሄደው?››

‹‹ስትሪትሃም።››

‹‹ሄደን የለ እንዴ?››

‹‹አዎ። ጨው በዝቷል ብለህ ነበር›› አለኝ ሳህኑን እያለቀለቀ። ‹‹ምናልባት ቀንሶ ይሆናል።››

ፊቱን አየሁት። ምንም የለበትም። ‹‹እሺ›› አልኩ። በልቤ ግን ወሰንኩ። ያን ዓርብ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ሲያጎርሰኝ ዝም እላለሁ። ከዚያ እነግረዋለሁ። ከፋሲካ ቀጥሎ ያለውን ዓርብ ስልኬ ላይ ምልክት አደረግኩበት።

በመጻጉዕ ሳምንት ሞተ።

ለቅሶው ቤት ሰው ሞላ። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን እየያዙ መጡ። በሦስተኛው ቀን የፋብሪካው ሱፐርቫይዘርና ሁለት ጓደኞቹ መጡ፣ አንድ ትልቅ ካርቶን ተሸክመው። ባዶ እጃቸውን እንዳይመጡ ብለው ነው። እማዬ እግር ሥር አስቀመጡት። ካርቶኑ ሙሉ ሳንድዊች ነበር፤ ቺዝ፣ እንቁላል፣ ዶሮ። በዐቢይ ጾም። ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ሱፐርቫይዘሯ እያለቀሰች ‹‹የሰኞ ነው። እሱ ከሠራበት መስመር የወጣ›› አለችኝ። ተረጎምኩት።

ካህናቱም ነበሩ፣ ሽማግሌዎችም ነበሩ፤ ‹‹ይመለስ›› ያለ የለም። አንዷ ሴት ካርቶኑን አንስታ ወደ ኩሽና ልትወስድ ስትል እማዬ ያዘችው። ‹‹ተዪው። እጁ ነክቶታል›› አለች። ሳንድዊቹን ፍሪጅ ውስጥ አስገባችው። ቀኑ ካለፈ በኋላም ለብዙ ቀን እዚያው ነበር።

እኔ አንዱን ኩሽና ውስጥ ብቻዬን ከፈትኩት። ልበላው አይደለም። ዳቦውን ገለጥ አደረግኩና ቲማቲሙን አየሁ። ሁለት ነው። አንዱ በአንዱ ጫፍ ላይ ትንሽ ተደርቧል። መልሼ ከደንኩት። እማዬን አልነገርኳትም። ለምን እንዳልነገርኳት አላውቅም።

በቀብሩ ቀን ካህኑ ‹‹ወልደ ገብርኤል›› ሲሉ ማንን እንደሚሉ ዞር ብዬ አየሁ። የክርስትና ስሙ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ የወንድሜን የክርስትና ስም አላውቅም ነበር። ስለ እሱ ሌላ የማላውቀው ስንት ነገር አለ እያልኩ አፈሩን ረሳሁት፤ አንድ ሰው አካፋውን እጄ ላይ አስያዘኝ።

ከሆሣዕና በፊት ባለው ሳምንት አባ እማዬን ሊያጽናኑ ቤት መጡ። ሲሄዱ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኘኋቸው። እዚያ ቆመን ነገርኳቸው።

‹‹አባ፣ ጋሼን ዋሽቼዋለሁ።››

‹‹ምን ብለህ ዋሸኸው ልጄ?››

‹‹ጨው በዝቷል ብዬ።››

‹‹የምን ጨው?›› አሉኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። አንድ አውቶቡስ አለፋቸው። ዓርቡ ላይ ስደርስ ‹‹ያን ነገር አሁንም ያወራው ነበር?›› አሉና አንገታቸውን አቀረቀሩ። ፈገግ ያሉም መሰለኝ።

‹‹ያን ቀን ጨው በዝቶ ነበር?››

‹‹አልበዛም።››

‹‹እሱን አሁን ልትነግረው አትችልም›› አሉ። ‹‹የሠራውን ሰው ግን ትችላለህ። የሰውየውን እጅ ያለ ስሙ ስም ሰጥተኸዋል። ፋሲካ ሲያልፍ ሂድና ይቅርታ ጠይቀው። ቀኖናህ ይሄ ነው።››

‹‹ልብላስ?››

‹‹በበዓለ ሃምሳ ማን ይከለክልሃል? ብላ እንጂ።››

እና ከፋሲካ በኋላ ባለው ዓርብ ሄድኩ። ስልኬ ላይ ምልክት ያደረግኩበት ዓርብ ነው። ማግስቱ ቅዳሜ የጋሼ አርባ ነበር፤ እማዬ ቤት ውስጥ ከሴቶች ጋር ሽንኩርት ትልጣለች። ‹‹እመለሳለሁ›› ብያት ወጣሁ። አውቶቡሱ ላይ ፎቅ ወጥቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቱ ባዶ ነበር፣ ግን አልቻልኩም።

የስትሪትሃሙ ሽማግሌ ብረቱን እየፋቀ ነበር። በእንግሊዝኛ ነው ያወራነው፣ እንደማስታውሰው እጽፈዋለሁ። ምግብ ከማዘዜ በፊት ጀመርኩ። ከዓመት በፊት ከወንድሜ ጋር መጥቼ እንደነበር፣ ሳንድዊቹን ጨው በዝቶበታል እንዳልኩ፣ ውሸት እንደሆነ፣ ይቅርታ ልጠይቅ እንደመጣሁ ነገርኩት። ሲነገር እብደት ይመስላል። ሰውየው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አየኝ።

‹‹የጨው ልጅ›› አለ። ‹‹አንተ ነህ የጨው ልጅ?››

አልገባኝም።

‹‹ረጅሙ ወንድምህስ የት አለ?››

ሞተ አልኩት። በአማርኛ ‹‹አረፈ›› ነው የምንለው። በእንግሊዝኛ ግን ሌላ ቃል አላገኘሁም። ብረቱን የሚፍቀው እጁ ቆመ። ከዚያ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ ወንበር ሳበልኝ፣ እሱም ተቀመጠ።

‹‹ያኔ ከመጣችሁ በኋላ ማክሰኞ ቀን ተመልሶ መጣ። ብቻውን። ‹ታናሽ ወንድሜ ጨው በዝቷል ይላል› አለኝ። እንዳልቀየም እየፈራ ነው የነገረኝ። ‹ጌታዬ፣ እኔ ጨው አልጨምርም› አልኩት። ‹ሐኪም ከከለከለኝ ጀምሮ እዚህ ብረት ላይ ጨው አርፎ አያውቅም። ጨው የሚፈልግ ጠረጴዛው ላይ አለለት።› ሳቀ። ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። የሰደበኝ መስሎኝ ነበር።››

‹‹ከዚያስ?››

‹‹አንድ አዘዘ። ስለ አንድ መጋዘንና ስለ አንድ ሽማግሌ ነገረኝ። ከሳንድዊቹ ቆረሰና በእጁ አጎረሰኝ። የገዛ ሳንድዊቼን! እናቴ ከሞተች ወዲህ ሰው አጉርሶኝ አያውቅም።››

‹‹ይኼ ነው አለ? ያ የሚፈልገው?››

‹‹እኔም ጠየቅኩት። ‹አላውቅም› አለኝ። ‹ያን ቀን ርቦኝ ነበር።›››

ሰውየው ተነሥቶ ብረቱን ለኮሰ። እኔ ተቀምጬ መቁጠር ጀመርኩና ተውኩት። ከዓመት በላይ ነው። ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ያ ሁሉ ደረቅ ዳቦ፣ ያልቀለጠው ቺዝ፣ በዝናብ ሁለት አውቶቡስ ቀይረን የሄድንበት ቤት ተዘግቶ ያገኘነው ቀን። እያወቀ ነው። በእያንዳንዱ ቅዳሜ አጉርሶኝ፣ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ እያደረገ፣ ‹‹እ?›› ይለኝ ነበር። ምን ነበር ፊቴ ላይ የሚያየው? ‹‹ምናልባት ቀንሶ ይሆናል›› ሲለኝ ሳህን እያለቀለቀ ነበር። አልሳቀም። እንዴት አድርጎ እንዳልሳቀ አላውቅም። አንድ ዓመት ሙሉ እኔ እሱን ስዋሽ የኖርኩ መስሎኝ ነበር። አሁን ማን ማንን እንደዋሸ ግራ ገባኝ። ሱፐርቫይዘሯ ስለ ኦቨርታይሙ ስትጠይቀው ‹‹ገና ነኝ›› እያላት ኖሯል።

ሳንድዊቹን አመጣልኝ። ለሁለት ቆርሶታል፣ አላዘዝኩትም። ሌላኛውን ግማሽ ለማን እንደሆነ ሳላውቅ አየሁት። ከዚያ አንዱን አንሥቼ ጎረስኩ። የገዛ እጄ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሳንድዊች በገዛ እጄ ጎርሼ የማላውቅ መሰለኝ።

ቺዙ አይታይም። ዳቦው ሞቋል።

ሽማግሌው በላዬ ቆሟል። በወፍራም ሁለት ጣቱ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። ከማን እንደተማረው አውቃለሁ።

‹‹እ?›› አለኝ።

ዝም አልኩ። ብዙ ጊዜ ዝም አልኩ። እሱም አልቸኮለም።

‹‹ጨው በዝቶበታል›› አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፣ እንደ ከባድ ነገር። የተረፈውን ግማሽ በወረቀት ጠቀለለና እጄ ላይ አስቀመጠው። ‹‹እንግዲያ ነገ ቅዳሜ ና፣ አስተካክለዋለሁ›› አለ።

‹‹ነገ አልችልም። አርባው ነው።››

‹‹የሚቀጥለው ቅዳሜስ?››

‹‹የሚቀጥለው እሺ›› አልኩት።